ጠባቂው ቤቱን ሲወጋ፦ የታይሮይድ እጢ ሕመም፣ በሽታ ተከላካይ ሕዋሳትና መድኃኒትን ያለማቋረጥ ጥቅም

በወልድያ ከተማ፣ በመርሳና በሌሎች የሀብሩ ወረዳ አጥቢያዎች ስለ ጨውና ስለ እንቅርት ትምህርት ስንሰጥ፣ ከሰበካ ጉባኤ አባላት ደጋግሞ የሚቀርብልን ጥያቄ አለ። «አዮዲን ያለበት ጨው መብላት ከጀመርን ዓመታት ተቆጠሩ፤ ታዲያ በአንዳንዶች ላይ እንቅርቱ ለምን አልጠፋም? ደግሞስ እየበላች የምትከሳ፣ ልቧ ያለ ሥራ የሚመታባት፣ ዓይኗ የሚፈጥባት እኅት ሕመሟ ምንድን ነው?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ከጨው ዕቃው አልፎ ወደ ደማችን፣ በሽታን እንዲከላከሉልን ወደ ተሰጡን ሕዋሳት ይወስደናል።

በዚህ ትምህርት እነዚያ ሕዋሳት በታይሮይድ እጢ ላይ ለምንና እንዴት እንደሚነሡ፣ መድኃኒቶቹም በሕዋሳቱና በእጢው ላይ ምን እንደሚሠሩ እንመለከታለን። ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት ሐኪም እንዲሆኑ አንጠይቅም፤ ሕሙማንን መመርመርና መድኃኒት ማዘዝ የሐኪም ድርሻ ነው። የእኛ ድርሻ ምእመናን በጊዜ ወደ ሕክምና እንዲሄዱ መምከርና የጀመሩትን መድኃኒት በራሳቸው ፈቃድ እንዳያቋርጡ ማጽናት ነው። ይህ ሁለተኛው ምክር ለምን እንደሚያስፈልግ የሚገባን የሕዋሳቱን ጠባይ ስናውቅ ነው።

1. እጢውና ሥራው

የታይሮይድ እጢ በአንገታችን ፊት ለፊት፣ በአየር ቧንቧችን ላይ፣ ክንፉን እንደ ዘረጋ ቢራቢሮ ሆኖ የተቀመጠ ነው። በአዋቂ ሰው ክብደቱ ከ15 እስከ 25 ግራም ቢሆን ነው። ይህ ትንሽ እጢ በምግብና በውኃ ከምናገኘው አዮዲን ቲ4 እና ቲ3 የተባሉ ሆርሞኖችን ይሠራል። ሆርሞኖቹ በደም እየተጓዙ የሰውነታችንን ሙቀት፣ የልባችንን ምት፣ የአንጀታችንን እንቅስቃሴ ይመራሉ፤ የሕፃናትም አካልና አእምሮ በእነርሱ ያድጋል።

እጢው በራሱ ፈቃድ አይሠራም። በአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ እጢ ቲኤስኤች የተባለ መልእክተኛ ትልክለታለች። በደም ውስጥ ያለው የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ መልእክቱ ይበዛል፤ ሲበቃ ደግሞ ይቀንሳል። ሐኪሞች ደም ወስደው በመጀመሪያ የሚመረምሩት ይህን ቲኤስኤች ነው፤ መጠኑ ብቻውን እጢው ደክሞ ወይም ከልክ በላይ ሠርቶ እንደሆነ ብዙ ይናገራልና።

2. እንቅርት ሁሉ አንድ አይደለም

አባቶቻችን የሚያውቁት እንቅርት በአብዛኛው ከአዮዲን እጥረት የሚመጣው ነው። አዋቂ ሰው በቀን 150፣ ነፍሰ ጡር 250 ማይክሮ ግራም ያህል አዮዲን ያስፈልጋቸዋል። አፈሩ በጎርፍ ታጥቦ በተወሰደበት ደጋ በሚበቅለው እህል ውስጥ ግን አዮዲን አነስተኛ ነው። በዚህ ጊዜ ቲኤስኤች እጢውን «ሥራ፣ ሥራ» እያለ ያስጨንቀዋል፤ እጢውም የጎደለውን ለማካካስ ያብጣል።

ሀገራችን ለዚህ መፍትሔ ያገኘችው በጨው ነው። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ አብዛኛው ጨው ከኤርትራ ይመጣ ነበር፤ ጦርነቱ ከተነሣ በኋላ ግን በአፋር ክልል በአፍዴራ ሐይቅ የሚመረተው ጨው ተተካ። በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በደንብ አስገደደ። በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘባቸው ቤተሰቦች ከመቶ 15 ያህል ብቻ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ግን ከመቶ 89 ደረሱ። ይህ ታላቅ ለውጥ ነው። በተለይም በጾም ወራት ወተትና እንቁላል ለማይቀምሰው ምእመን ጨው ዋነኛው የአዮዲን ምንጭ ስለሆነ፣ ጥቅሙ ለእኛ እጥፍ ነው።

ሆኖም ጨው የሚፈውሰው የጨውን ጉድለት ነው። የእጢው ሕመም ከሌላ ምክንያት የመጣ እንደሆነ፣ ጨው ብቻውን አይመልሰውም። እጢው ውስጥ እብጠት ሊበቅል ይችላል፤ አልፎ አልፎ ካንሰር ይሆናል፤ ወይም ደግሞ የዛሬው ርእሳችን የሆነው ነገር ይደርሳል፤ ይኸውም የሰውነት ጠባቂ ሕዋሳት በእጢው ላይ መነሣታቸው ነው።

3. የሰውነታችን ጠባቂዎች

በደማችን ውስጥ ካሉት ነጭ የደም ሕዋሳት መካከል ለዚህ ትምህርት የሚያስፈልጉን ሁለት ወገኖች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ቲ ሕዋሳት ይባላሉ። ከእነዚህም ረዳት ቲ ሕዋሳት ጠላት መግባቱን አውቀው ሌሎችን ይጠራሉ፤ ገዳይ ቲ ሕዋሳት በቫይረስ የተያዘውን ሕዋስ ቀርበው ያጠፋሉ። ሁለተኛዎቹ ቢ ሕዋሳት ናቸው፤ እነርሱም አንቲቦዲ የተባለውን ጠላትን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን ይሠራሉ። የሳንባ ነቀርሳ፣ የኩፍኝና የሌላም በሽታ ጀርም በገባ ጊዜ የሚዋጉልን እነዚህ ናቸው። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ አንዳንዶቹ የማስታወስ ሕዋሳት ሆነው ለዓመታት ይቆያሉ፤ ክትባት የሚጠቅመን ስለዚህ ነው።

እነዚህ ሕዋሳት የራስን ከባዕድ እንዲለዩ ይፈተናሉ። ቲ ሕዋሳት የሚፈተኑት በደረት አጥንት ጀርባ ባለው ታይመስ በተባለው እጢ ውስጥ ነው። የራስን አካል አጥብቆ የሚይዝ ሕዋስ በዚያ እንዲሞት ይደረጋል። ይሁንና ፈተናውን አልፈው የሚያመልጡ አሉ። ስለዚህ ሁለተኛ ጥበቃ ተሠርቷል፤ ይኸውም ገቺ ቲ ሕዋሳት የሚባሉት ናቸው። በመንደር ጠብ ሲነሣ ሽማግሌዎች በመካከል ገብተው «ተዉ» እንደሚሉ ሁሉ፣ እነዚህም በራስ አካል ላይ የሚነሡትን ሕዋሳት ያስታግሣሉ። ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ እነዚህን ሕዋሳት ለይቶ ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ከአሜሪካውያኑ ከሜሪ ብራንካውና ከፍሬድ ራምስዴል ጋር የኖቤል ሽልማት የተሰጠውም ስለዚሁ ሥራ ነው።

4. ጠባቂዎቹ በእጢው ላይ ሲነሡ

ጠባቂ ሕዋሳት በታይሮይድ እጢ ላይ ሲነሡ በዋናነት በሁለት መንገድ ይታያል።

*ሀ. የሀሺሞቶ ሕመም።* ሀካሩ ሀሺሞቶ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1912 ከአራት ሴቶች በቀዶ ሕክምና የወጣውን እጢ በማጉሊያ መሣሪያ መርምሮ፣ በነጭ የደም ሕዋሳት ተሞልቶ እንዳገኘው ጻፈ። ዛሬ ምክንያቱ በተሻለ ይታወቃል። ረዳት ቲ ሕዋሳት የእጢውን ፕሮቲን እንደ ባዕድ ቆጥረው ወደ እጢው ይገባሉ፤ የማንቂያ ኬሚካሎችን እየረጩ ሌሎችን ይጠራሉ። ገዳይ ቲ ሕዋሳት የእጢውን ሕዋሳት አንድ በአንድ ያጠፋሉ። ቢ ሕዋሳትም ሆርሞን ለመሥራት በሚያገለግለው ኢንዛይም ላይ አንቲቦዲ ይሠራሉ። እጢው በመጀመሪያ ሊያብጥ ይችላል፤ ውሎ አድሮ ግን ሥራው ይደክማል። ታማሚዋ ብርድ ይበዛባታል፤ ትደክማለች፤ ትወፍራለች፤ ቆዳዋ ይደርቃል፤ ሆዷ ይደርቃል፤ የወር አበባዋ ይዛባል፤ አንዳንዴም ጽንስ አልይዝ ይላታል። ሰው ግን «ሰነፈች» ይላታል።

*ለ. የግሬቭስ ሕመም።* አየርላንዳዊው ሮበርት ግሬቭስ እ.ኤ.አ. በ1835፣ ጀርመናዊው ካርል ፎን ባዜዶ በ1840 የገለጹት ነው። በዚህኛው ጠባቂዎቹ እጢውን አያፈርሱትም፤ በሐሰት ያዝዙታል እንጂ። ቢ ሕዋሳት የሚሠሩት አንቲቦዲ ቲኤስኤች በሚቀበለው በር ላይ ተቀምጦ እንደ ቲኤስኤች ሆኖ ትእዛዝ ይሰጣል። ነገሩ ለሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ ግልጽ ነው፤ ሐሰተኛ ማኅተም የተመታበት ደብዳቤ ወደ ገንዘብ ያዥ ሲደርስ ገንዘቡ ይወጣል፤ እውነተኛው ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መላኩን ቢያቆምም ሐሰተኛው መምጣቱን አያቆምም። እጢው ያለ ልክ ሆርሞን ያፈልቃል። ታማሚው እየበላ ይከሳል፤ ያልበዋል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ልቡ ይመታል፤ እንቅልፍ ያጣል፤ ይቆጣል። ከዓይን ኳስ በስተ ጀርባ ያለው ሥጋ በተመሳሳይ ጥቃት ሲያብጥ ዓይን ወደ ውጭ ይገፋል። እንዲህ ያለውን ሰው ርኩስ መንፈስ ይዞታል፣ ወይም ኤች አይ ቪ አለበት ብሎ ለመፍረድ መቸኮል በደል ነው፤ በደም ምርመራ የሚታወቅ ሕመም ነውና።

የሁለቱም ሕመሞች ምክንያት በደም ውስጥ መሆኑ በግልጽ የታወቀው በአንድ ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 የለንደን ሐኪሞች በሀሺሞቶ ታማሚዎች ደም ውስጥ በራሳቸው እጢ ላይ የሚነሣ አንቲቦዲ አገኙ፤ በዚያው ዓመት በኒውዚላንድ አዳምስና ፐርቭስ በግሬቭስ ታማሚ ደም ውስጥ እጢውን ለረጅም ሰዓት የሚያነሣሣ ነገር መኖሩን አሳዩ።

5. ለምን በአንዱ ላይ ይነሣል?

ዝምድና አንዱ ምክንያት ነው፤ በአንድ ቤት እናትና ልጅ፣ እኅትማማቾችም ሊታመሙ ይችላሉ። ሕመሙ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ በብዙ እጥፍ ይበዛል። በተለይ የወለደች እናት ትኩረት ያስፈልጋታል። በእርግዝና ጊዜ ጽንሱ እንዳይጎዳ የሰውነት ጠባቂዎች ረገብ ይላሉ፤ ከወሊድ በኋላ ግን እንደገና ይበረታሉ። ስለዚህ በወለደች በመጀመሪያው ዓመት ልቧ የሚመታ፣ የምትከሳ ወይም ያለ ልክ የምትደክምና የምትተክዝ እናት ብትኖር፣ «ምጥ የጎዳት ነው» ብለን ሳናልፍ ወደ ጤና ተቋም እንድትሄድ እንምከራት።

አዮዲንም ሚና አለው። እጥረት በቆየበት ሀገር አዮዲን ሲገባ፣ አስቀድሞ የታመመ እጢ ያላቸው አንዳንድ ሰዎች ሆርሞን ሊበዛባቸው ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በዚምባብዌ ይህ ታይቷል። ከዚህ ተነሥቶ «ጨው ጎዳን» ማለት ግን ስሕተት ነው። አዮዲን ያጣች እናት የምትወልደው ልጅ በአእምሮው ሊጎዳ ይችላል፤ የአዮዲን ጨው ጥቅም ከዚህ ጉዳቱ እጅግ ይበልጣል።

በኤች አይ ቪ አገልግሎት የተሳተፉ ካህናት የሚያውቁት ሌላ ምሳሌ አለ። ቫይረሱ ረዳት ቲ ሕዋሳትን ያጠፋል፤ መድኃኒቱ ሲጀመር ሕዋሳቱ ቁጥራቸው ይመለሳል። ከሚመለሱት መካከል ግን ሥርዓት ያልያዙ ሊኖሩ ይችላሉ፤ ስለዚህ ጥቂት ሰዎች መድኃኒቱን ከጀመሩ ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ የግሬቭስ ሕመም ይይዛቸዋል። ይህ መድኃኒቱን የሚያስተው ምክንያት አይደለም፤ ለሐኪም የሚነገር ምልክት ነው። በሌላም ሀገር በመልቲፕል ስክለሮሲስ ለሚታመሙ አለምቱዙማብ የተባለ ሕዋሳቱን የሚያጠፋ መድኃኒት ሲሰጥ፣ ሕዋሳቱ እንደገና ሲበቅሉ ከሦስት ታማሚ አንዱ ያህል በታይሮይድ ሕመም ይያዛል። ከዚህ የምንማረው የጠባቂዎቹ ብዛት ብቻውን ጤና እንደማይሆን ነው፤ የሚገቷቸውም ሽማግሌዎች አብረው ሊኖሩ ይገባል።

6. መድኃኒቶቹ ምን ይሠራሉ?

ብዙ ሰው «ጠባቂዎቹ ከበደሉ ለምን በመድኃኒት አይገቱም?» ብሎ ይጠይቃል። መድኃኒቶቹን በሦስት ክፍል ብናያቸው መልሱ ይገኛል።

*የጎደለውን የሚተካ።* እጢው የደከመበት ሰው ሌቮታይሮክሲን የተባለ ክኒን ይሰጠዋል። ይህ እጢው ራሱ የሚሠራው ቲ4 ነው፤ ሕዋሳቱን አይነካም፤ የፈረሰውን ሥራ ይሞላል። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ይወሰዳል። በደም ውስጥ ስለሚቆይ፣ ያቋረጠ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም አይሰማውም፤ «ድኛለሁ» የሚለውም ስለዚህ ነው። ድካሙ የሚመለሰው ከሳምንታት በኋላ ነው።

*የበዛውን የሚቀንስ።* ለግሬቭስ ሕመም ፕሮፒልታዮዩራሲል ወይም ሜቲማዞል ይሰጣል። እነዚህ እጢው አዮዲንን ወደ ሆርሞን እንዳይለውጥ ያግዱታል። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ይወሰዳሉ፤ ከዚያ በኋላ ግማሽ ያህሉ ታማሚዎች ሕመሙ ይመለስባቸዋል። በጥቂት ሰዎች ላይ መድኃኒቱ ነጭ የደም ሕዋሳትን በድንገት ሊያጠፋ ይችላል፤ ስለዚህ ይህን መድኃኒት እየወሰደ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም የያዘው ሰው ነገ ሳይል በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ደሙን መመርመር አለበት። እብጠቱ አየር ቧንቧን የተጫነ ወይም መድኃኒት ያልበጀው ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል።

*ጠባቂዎቹን የሚገታ።* ከእነዚህ በሰፊው የሚታወቀው ፕሬድኒሶሎን ነው። ወደ ሕዋሱ ገብቶ የማንቂያ ኬሚካሎች የሚሠሩበትን ትእዛዝ ይዘጋል፤ የቲ ሕዋሳትንም ቁጥር ይቀንሳል። ሳይክሎስፖሪን፣ ከኖርዌይ አፈር ከተገኘ ሻጋታ የወጣው መድኃኒት፣ ረዳት ቲ ሕዋሳት እርስ በርስ የሚጣሩበትን ምልክት ያፍናል። አዛታዮፕሪን ሕዋሳቱ እንዳይባዙ ያደርጋል፤ ሪቱክሲማብ ቢ ሕዋሳትን ለይቶ ያጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ያለ እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች አይታሰብም፤ ጠባቂዎቹ የተተከለውን ኩላሊት እንደ ባዕድ ያባርሩታልና።

ታዲያ ለታይሮይድ ሕመም ለምን በየጊዜው አይሰጡም? አብዛኞቹ መድኃኒቶች በዳዩን ጠባቂ ከታማኙ ለይተው አያውቁምና ነው። አንዱን ዘበኛ ለመቅጣት የከተማውን ዘበኞች ሁሉ እንደማሰናበት ይሆናል። የሆርሞን ጉድለት በአንድ ክኒን ሊተካ እየቻለ፣ ሰውነትን ለሌላ በሽታ ከፍቶ መተው ትርፉ ትንሽ ነው። ስለዚህ እነዚህ መድኃኒቶች የሚሰጡት በብርቱ ጉዳይ ነው፤ ለምሳሌ የግሬቭስ ሕመም ዓይንን ሲያሰጋ ወይም ሆርሞኑ በድንገት በዝቶ ሕይወትን ሲያሰጋ። በየአጥቢያችን ግን ለአስም፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም፣ ለሉፐስና ለሌላም ምክንያት የሚወስዷቸው ምእመናን አሉ፤ ማወቅ የሚገባንም ስለዚህ ነው።

ጠባቂዎቹ የተገቱበት ሰው ሦስት አደጋ አለበት። አንደኛ፣ በሰውነቱ ውስጥ ተኝቶ የነበረ የሳንባ ነቀርሳ ሊነሣ ይችላል፤ እስረኛውን የሚጠብቁት ቲ ሕዋሳት ነበሩና። ሁለት ሳምንት የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብና ክሳት ካለ ምርመራ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ፕሬድኒሶሎን የደም ስኳርንና የደም ግፊትን ሊጨምር፣ አጥንትን ሊያሳሳ ይችላል። ሦስተኛ፣ ከሦስት ሳምንት በላይ የወሰደ ሰው በድንገት ካቆመ ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል፤ ከኩላሊት በላይ ያለው እጢ ተመሳሳዩን ሆርሞን መሥራት አቁሞ ነበርና፣ ሥራውን እስኪጀምር ድረስ መድኃኒቱ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ እያለ ሊቀንስ ይገባል። በዚህ ላይ «ያወፍራል» ተብሎ እንዲህ ያለውን ክኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መውሰድ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው።

7. መድኃኒት፣ ጸበልና ጾም

መድኃኒት የሚቋረጥባቸውን ምክንያቶች ስንመረምር ሁለቱ በቀጥታ ወደ እኛ አገልግሎት ይመጣሉ።

የመጀመሪያው ጸበል ነው። ወደ ጸበል መሄድ እምነት ነው፤ መድኃኒትን መተው ግን የእምነት ማስረጃ አይደለም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል እንደማይቃረኑ በይፋ አስተምረዋል፤ ትምህርቱ ለታይሮይድም፣ ለፕሬድኒሶሎንም ይሠራል። ወንጌልን የጻፈልን ቅዱስ ሉቃስ ባለ መድኃኒት እንደ ነበር፣ መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ስለ ሐኪም ክብር እንደሚናገር አስታውሰን እናስተምር። ጠባቂዎቹን የሚገታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በጸበል ቦታ ከሚያስሉ ሕሙማን ጋር በተዘጋና በተጨናነቀ ቤት ባያድር ይሻላል፤ መስኮት መክፈትና አየር ያለው ማደሪያ ማዘጋጀት ለአጥቢያው ቀላል ሥራ ነው።

ሁለተኛው ጾም ነው። ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም በሚናገርበት በአንቀጽ 15 የታመመውን ሰው አያስጨንቀውም። ከዚህም በላይ በመድኃኒቱና በጾሙ መካከል ብዙ ጊዜ መንገድ አለ። ሌቮታይሮክሲን በቀን አንድ ጊዜ በባዶ ሆድ የሚወሰድ ስለሆነ፣ ጠዋት ከምግብ በፊት ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ቀድሞ፣ ወይም ሐኪሙ ከፈቀደ ከእራት ከሦስት ሰዓት በኋላ በመኝታ ጊዜ ሊወሰድ ይችላል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም ምእመን ይህ የሌሊት ሰዓት ይመቸዋል። ፕሮፒልታዮዩራሲል ግን በቀን ውስጥ ተከፋፍሎ ስለሚወሰድ ሰዓቱን መዝለል ይጎዳል፤ ፕሬድኒሶሎንም አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ከምግብ ጋር ይወሰዳል። የእነዚህ ታማሚዎች ጾምና የቅዱስ ቁርባን ዝግጅት በንስሐ አባትና በሐኪም ምክር ሊወሰን ይገባል እንጂ፣ ታማሚው ብቻውን ተጨንቆ መድኃኒቱን የሚደብቅበት ጉዳይ ሊሆን አይገባም።

ከሌቮታይሮክሲን ጋር ሁለት ነገር እንጠንቀቅ። ቡና መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያደናቅፋል፤ ስለዚህ ክኒኑን በውኃ ወስዶ ቡናውን ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ማዘግየት ይገባል። ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው የደም ማነስ መከላከያ የብረት ክኒንም እንዲሁ ያደናቅፋል፤ በመካከላቸው አራት ሰዓት ይሁን። ነፍሰ ጡር ሴት የታይሮይድ መድኃኒቷን ማቆም የለባትም፤ በእርግዝና ጊዜ የሚያስፈልጋት መጠን ብዙ ጊዜ ይጨምራልና፣ ማርገዟን እንዳወቀች ለሐኪሟ ትንገር።

8. ለሰበካ ጉባኤያት የቀረቡ ተግባራት

በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ ሲደርስ የጤና ተቋማት ተዘርፈው፣ የዘወትር መድኃኒት የሚወስዱ ብዙ ሕሙማን ሕክምናቸው ተቋርጦባቸዋል። መድኃኒት ሲቋረጥ የማስታወስ ሕዋሳቱ ጠባቸውን እንዳልረሱ ይታያል፤ የተገታው ይነሣል፤ የተተካው ይጎድላል። ከዚህ በመነሣት የሚከተሉትን እናሳስባለን።

1. በአንገቱ እብጠት ያለበት፣ ያለ ምክንያት የከሳ ወይም የወፈረ፣ ልቡ የሚመታ፣ ዓይኑ የፈጠጠ ምእመን በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ እንዲሄድ፣ ከዚያም በጤና ባለሙያው ምክር ወደ ወልድያ ወይም ወደ ደሴ ሆስፒታል እንዲላክ መርዳት። አቅም ለሌለው የመጓጓዣ ወጪ ከበጎ አድራጎት ሣጥን ቢታሰብ መልካም ነው።

2. እንቅርት እንዲጠፋ ብሎ አንገትን መነቀስ፣ መተኮስ ወይም መብጣት ጉዳት እንጂ ጥቅም እንደሌለው ማስተማር።

3. ታማሚዎች የመድኃኒታቸውን ስምና መጠን የያዘ ካርድ ዘወትር በእጃቸው እንዲይዙ፣ ክኒኑ ሳያልቅ ከሁለት ሳምንት በፊት እንዲያስሞሉ መምከር። ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ሰው ይህን ቤተሰቡም እንዲያውቅ ያድርግ።

4. የታማሚን ምሥጢር መጠበቅ። የሕመም ስም በጉባኤ አይጠራም፤ በግድግዳ አይለጠፍም።

5. እናቶችን ስለ ጨው አያያዝ ማስተማር፦ ጨው አይታጠብ፤ ክዳን ባለው ዕቃ ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ ይቀመጥ፤ ወጥ ሊወጣ ሲል ይጨመር። በሀብሩ ገበያ የሚሸምቱት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ናቸውና፣ ትምህርቱን ከጎረቤት ጋር መካፈል ይገባል።

6. ዓይኑ በግሬቭስ ሕመም የተጎዳ ሰው ትምባሆ እንዲተው አጥብቆ መምከር፤ ትምባሆ የዓይኑን ሕመም ያብሳልና።

9. ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. በአዮዲን እጥረት የሚመጣ እንቅርትና በጠባቂ ሕዋሳት ምክንያት የሚመጣ የታይሮይድ ሕመም በምን ይለያያሉ? ጨው የሚረዳው የትኛውን ነው?

2. ሌቮታይሮክሲን ያቋረጠ ሰው ወዲያው ሕመም የማይሰማው ለምንድን ነው? ፕሬድኒሶሎን ያቋረጠውስ ለምን በቶሎ አደጋ ላይ ይወድቃል?

3. በአጥቢያችን መድኃኒት የሚቋረጥባቸው ምክንያቶች የትኞቹ ናቸው? ከእነዚህ ውስጥ በስብከት፣ በንስሐ አባት ምክር ወይም በጥቂት ገንዘብ ሊወገዱ የሚችሉት የትኞቹ ናቸው?

4. በጸበል ቦታዎቻችን የሚያስሉ ሕሙማንና ጠባቂ ሕዋሳታቸው የተገቱባቸው ሕሙማን አብረው ያድራሉን? ምን ማስተካከል እንችላለን?

ሰበካ ጉባኤያት እነዚህን ጥያቄዎች ተወያይተው የደረሱበትን ለልማት ክፍሉ በጽሑፍ ቢያሳውቁ፣ ለሌሎች አጥቢያዎች የሚጠቅመውን በቀጣዩ እትም እናካፍላለን። እስከዚያው ከዚህ ትምህርት አንድ ነገር ብቻ ለምእመናን ይድረስ ብንባል፣ የምንመርጠው ይህን ነው፦ የታይሮይድ መድኃኒትንም ሆነ ጠባቂ ሕዋሳትን የሚገታ መድኃኒትን የሚቀንሰውም የሚያስቆመውም ያዘዘው ሐኪም ነው፤ ጤና መሰማትም፣ ጾም መግባትም፣ ጸበል መሄድም ለማቋረጥ ምክንያት አይሆኑም።